ማደሪያው መኖሪያ ሲሆን

ያረጀ የጓሮ ዶሮ ቤት ለአሁኗ ዶሮ እንዴት ይታደሳል?

ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ቢሾፍቱ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ ወዲህ ባለ አንድ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤቱ ባዶውን ቆሟል። ዶሮዎቹ ለበዓሉ ተሸጠዋል፤ ሁለቱ እዚያው ቤት ታርደዋል። በግቢው ውስጥ የቀረችው እግሯን የምታነክስ አንዲት ገብስማ ብቻ ናት። እሷም ከማድ ቤቱ ደጃፍ አትርቅም።

ቤቱ የኋላውን አጥር ተደግፎ የተሠራ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ግድግዳው በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ከጭድ ነው፤ ጣሪያው ከበርሜል ተዘርግቶ የተመታ ቆርቆሮ ሲሆን ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ተጭኖበታል። መስኮት የለውም። በሩ ተንበርክከው ካልሆነ የማያስገባ ነው፤ ማጠፊያው ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ በሚስማር የተመታ ነው። ውስጡ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች አሉ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የመምህርቷ ሟች ባለቤት ልጆቻቸው ገና ተማሪ ሳሉ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፤ መምህርቷም ‹‹ይፍረስ›› የሚለውን ሐሳብ መስማት አይፈልጉም። መታደስ አለበት።

ለእድሳቱ የተጠራው አናፂ ዙሪያውን ዞሮ አየና ሥራውን ዘረዘረ። ስንጥቁ በአዲስ ጭቃ ይመረጋል፣ የተበሳው ቆርቆሮ ይለወጣል፣ በሩ ላሜራ ይለብሳል። ‹‹እማማ፣ ጥብቅ አድርጌ ነው የምዘጋልዎት፤ ነፋስም አይገባ፣ ሸለምጥማጥም አይገባ›› አላቸው። አብራን የነበረችው ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዝም ብላ አዳመጠችው። ከዚያ ተንበረከከችና ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች። ብዙም ሳትቆይ ዓይኗን እየጠራረገች ወጣች።

‹‹እትዬ፣ ይኼ ቤት መከፈት ነው ያለበት›› አለች።

ጓሮው ውስጥ ያረጀ የዶሮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለማደስ ሲነሣ እዚህ መገንጠያ ላይ ይደርሳል። አብዛኛው የአናፂውን መንገድ ይከተላል፤ ከሌባና ከብርድ መጠበቅ ለዶሮ የሚደረግ ትልቁ ውለታ ይመስላልና። እኔ የባለሙያዋ መንገድ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ያ ጠባብ ቤት መጀመሪያ ለየትኛዋ ዶሮ እንደተሠራ ማየት ይገባል።

ለሌሊት ብቻ የተሠራ ቤት

ዶሮ በዚህች አገር ብዙ ዘመን ኖራለች። በምሥራቅ ትግራይ፣ መዝብር በሚባል የቅድመ አክሱም ዘመን መንደር በተደረገ ቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ቀደምት የዶሮ ማስረጃዎችም አንዱ እሱ ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን ዶሮ የራሷ ቤት እምብዛም አልነበራትም። ገጠር ዛሬም እንደሚታየው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከበሩ ጀርባ ወይም ከከብቱ በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ ታድራለች። ጎህ ሲቀድ አውራው ይጮኻል፣ በሩ ይከፈታል፣ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ በራሷ እጅ ነው። ከአጥር ሥር ትሉን፣ ከአውድማ የወደቀውን ጥሬ፣ ከምጣዱ አጠገብ የረገፈውን ፍርፋሪ ትለቅማለች፤ አመድ ላይ ተንከባልላ ተባይዋን ታራግፋለች። ሲመሽ ሳትጠራ ትመለሳለች። መምህርቷ በልጅነታቸው እናታቸው ቤት ስለነበሩት ዶሮዎች ሲያወሩ እያንዳንዷን በመልኳ ነው የሚያስታውሷት፤ ቀይዋ፣ ወሰራዋ፣ ዛጎልማዋ። ሁሉም ቆጡ ላይ የየራሷ ቦታ ነበራት ይላሉ።

ከተማው ሲሰፋ ሰው ቤቱን በሲሚንቶ ለሰነ፣ ወለሉንም አሳመረ። ዶሮዋ ከነቆጧ ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ የተሠራላትም ያው ማደሪያ ነው። የዚያ ቤት ሥራ ከምሽት እስከ ንጋት ከአውሬና ከሌባ መጠበቅ ብቻ ነበር። አራት አምስት ዶሮ ተጠጋግቶ ያድርበታል፤ ጠዋት ይወጣል፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። ኩሱ ጥቂት ነው፣ እሱም ይደርቃል። መስኮት አለመኖሩ ማንንም አልጎዳም።

ለዚያች ዶሮ ያ ቤት ጥሩ ቤት ነበር። ይህን በሙሉ ልብ ነው የምናገረው፤ ሠሪዎቹ የሚያውቋትን ዶሮ ጠንቅቀው አስበው ነው የሠሩት።

የ45 ቀኗ እንግዳ

የተለወጠችው ዶሮዋ ናት። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል እንደ ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዝርያዎች መግባት ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ግን ‹‹የፈረንጅ ዶሮ›› የትልልቅ እርባታዎች ጉዳይ ሆና ቆየች። አሁን እንደዚያ አይደለም። ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ የሚሉትን ስሞች የሰፈር ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከወተትና ከማር ጋር የየቤቱ አጀንዳ አደረጋቸው። የ45 ቀን ቄቦች በካርቶንና በቅርጫት ተጭነው በየሰፈሩ ይታደላሉ፣ ይሸጣሉ። የገዛው ሰውም ወደ ጓሮው ዞር ብሎ ያንን የድሮ ቤት ያያል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሐበሻ ዶሮ ጥላ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን አሳድጋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትሰጣለች። ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች ወደ 300 ትጠጋለች። ያን ያህል እንቁላል አጥር ሥር ከተለቀመ ትል አይወጣም፤ መኖ ይፈልጋል። በከተማ ግቢ ደግሞ መልቀቁም ያስቸግራል። የጎረቤት ጎመን አለ፣ መኪና አለ፣ ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል። ስለዚህ ዶሮዋ አትወጣም። ቀንም ሌሊትም እዚያው ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጥላለች፣ ትተኛለች።

ለሌሊት የተሠራው ማደሪያ ሙሉ መኖሪያ እንዲሆን ተጠየቀ ማለት ነው። ሥራው እንደተለወጠ ግን ማንም አላሰበለትም። የዶሮ ቤት ማደስ ማለት በእኔ እምነት ይህን የሥራ ለውጥ በግድግዳና በጣሪያ ላይ መጻፍ ነው፤ የተሰነጠቀውን መድፈን የዚያ ትንሹ ክፍል ነው።

> 12 ዶሮ በቀን 3 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። ከእንቁላሉ ጋር የሚወጣው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። የቀረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ዓይን የሚያቃጥለው ምንድን ነው?

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ሲሞቅ ከዚያም ይበልጣል። የጠጣችው ውኃ በአብዛኛው በኩሷና በትንፋሿ ተመልሶ ይወጣል። ዶሮ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታወጣው እያለከለከች በትንፋሿ ነው። ሰውነቷ ደግሞ ከ41 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። 12 ዶሮ በተመረገና መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ሲከተት ጉዝጓዙ ቀስ በቀስ ይርሳል፤ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ጠብታ ይወርዳል።

እርጥበቱና ኩሱ ሲገናኙ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሥራ ይጀምራሉ። ኩሱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ባለሙያዋን ዓይኗን ያስጠረጋት እሱ ነው። አሞኒያ የዶሮዋን ዓይን ያቃጥላል፤ ከዚያም በላይ በመተንፈሻ ቧንቧዋ ውስጥ ያሉትን ቆሻሻ ጠራጊ ጥቃቅን ፀጉሮች ያሽመደምዳቸዋል። እነሱ ሥራ ሲያቆሙ አቧራውም በሽታውም ያለ ከልካይ ይገባል። ዶሮዋ ታስነጥሳለች፣ እንቁላሏ ይቀንሳል፣ ባለቤቱ ‹‹ጉንፋን ይዟታል›› ይልና መድኃኒት ቤት ሄዶ አንቲባዮቲክ ይገዛል። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። መስኮት የቸገራትን እንስሳ በመድኃኒት ስናሰቃይ፣ መድኃኒቱም በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችን ሲደርስ፣ መፍትሔው በመጋዝና በሽቦ የሚገኝ ነበር።

ባለሙያዋ ለመምህርቷ ያሳየቻቸው መፈተኛ መሣሪያ አይፈልግም። ማለዳ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ወደ ዶሮዋ ቁመት ዝቅ ብሎ ጥቂት ጊዜ መተንፈስ ነው። አሞኒያው የሚመነጨው ከወለሉ ስለሆነ ቆሞ የሚያሸት ሰው እውነቱን አያገኘውም። በየቀኑ የሚገባ ሰው አፍንጫ ደግሞ ይለምደዋል፤ ስለዚህ አዲስ ሰው ቢያሸት ይሻላል።

አናፂው የሚመልሰው አጣ ማለት አይቻልም። ‹‹ታዲያ ብርዱስ?›› አለ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል። ላባዋ ሞልቶ ያደገች ዶሮ የዚህ አገር ደጋ ብርድ አይገድላትም፤ ላባዋን ነፍታ፣ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ከትታ ታድራለች። የሚጎዳት ላባዋ ርሶ ነፋስ በቀጥታ ሲመታት ነው። ጫጩት ግን ሌላ ነገር ናት። የመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ለእሷ የሚሆነው ቤት የተለየ ነው። ብዙ ሰው ለጫጩት የተነገረውን ምክር ላደገች ዶሮ ያውለዋል፤ ስህተቱ ከዚያ ይመጣል።

ግድግዳው ሲቆረጥ

በማግሥቱ አናፂው ሲባጎ ይዞ መጣ። ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ለክቶ፣ ሲባጎውን ከጥግ እስከ ጥግ ወጥሮ፣ በሚስማር ጭቃው ላይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በታች ያለው ግድግዳ እንዳለ ይቀራል፤ ዶሮዎቹ መሬት ላይ ሲሆኑ ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታቸው ይከልላል። ከመስመሩ በላይ ያለው የፊት ለፊቱ ግድግዳ በሙሉ ይነሣል፣ በሽቦ ይተካል። በጎኖቹ በኩል ደግሞ ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ክፍት ይተዋል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫውም ላይ መሆን አለበት።

ጭቃውን ውኃ እያርከፈከፈ በዶማው ጀርባ ቀስ እያለ ቀረፈው። ማገሩ ብቅ ሲል ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ግድግዳ ውስጡን ምስጥ በልቶታል። አንዱን ማገር በሁለት ጣቱ ቢጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። የጥጉ ቋሚ ከመሬት በላይ ደኅና ነው፤ ከመሬት በታች ግን የቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነበር። መምህርቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩት። ‹‹ይኼን ሁሉ ጊዜ በምን ቆሞ ነበር?›› አሉ። ‹‹በአጥሩ ነው እማማ›› አለ አናፂው።

ሁለት ቋሚዎች ተለወጡ። አዲሶቹ መሬት የሚገባው እግራቸው ብቻ የተቃጠለ ዘይት ተቀባ፤ ከመሬት በላይ ዶሮዋ ልትቆነጥረው በምትችለው በኩል አልተቀባም። ከዚያ ሽቦው ተወጠረ። ለዝናብና ለብርድ ሌሊት የሚሆን መጋረጃ ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ መጣ። አናፂው እንደ ማንኛውም መጋረጃ ከላይ ቸነከረው። ባለሙያዋ አስወለቀችው። የዶሮ ቤት መጋረጃ ከታች ታስሮ ወደ ላይ ነው የሚሳበው፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም እንኳ ከላይ አንድ ስንዝር ይቀራል። እንደዚያ ሲሆን ዶሮዎቹ ካሉበት በኩል ነፋሱ ይከለላል፣ ከላይ ደግሞ እርጥበቱና ሽታው ይወጣል።

ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ሆነ። ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አልፎ እንዲንጠለጠል ተደረገ፤ የሐምሌ ዝናብ ወደ ጎን እየተገፋ ስለሚመጣ አጭር ክዳን ጉዝጓዙን ከማርጠብ አያድንም። ከቆርቆሮው ሥር አሮጌ ሰሌን ተዘረጋ። የቀኑን ግለት ይቀንሳል፣ የንጋቱንም ጠብታ ያስቀራል።

ሸለምጥማጡ እውነት ነው

የአናፂው ስጋት ግን ተራ ስጋት አልነበረም። አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ የገባበትን የዶሮ ቤት ያየ ሰው አይረሳውም። የሚበላው አንድ ሆኖ ሳለ ያገኘውን ሁሉ አንገቱን ነክሶ ይጥላል። ግድግዳ ይከፈት ሲባል ሰው የሚሸበረው በዚህ ነው፤ ልክም ነው።

መልሱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ገበያ ላይ ‹‹የዶሮ ሽቦ›› ተብሎ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ስስ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አያግድም። በጥርስ ይበጠሳል፤ በቀዳዳውም አይጥ እንደ ልቡ ይገባል። ለመክፈቻው የሚያስፈልገው ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ መገጣጠሚያው የተበየደ ሽቦ ወንፊት ነው። ዋጋው ይወደዳል። ለትንሽ ቤት የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢውል ከበሩ ላሜራ ይልቅ ይጠቅማል። ግድግዳው ሥር ደግሞ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀበረ፤ ቆፋሪ አውሬ ግድግዳው ጥግ ሲደርስ ድንጋይ ያገኛል።

ሌባ የሚመጣው በዓል ሲቃረብ ነው። በዚያ ሰፈር ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮዎቻቸውን ማድ ቤት የሚያሳድሩ እናቶች አሉ። ለበሩ ሁለት መቀርቀሪያና አንድ ቁልፍ ተደረገለት፤ ቁመቱም ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ሆኖ ከፍ ተደረገ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል። ተንበርክከው ብቻ የሚገቡበትን ቤት ግን ማንም አዘውትሮ አያጸዳውም፤ መምህርቷ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

> ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ገንዘብን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

ኩሱ ከወጣ በኋላ

ጽዳቱ ቅደም ተከተል አለው፤ ከተገለበጠ ድካም ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ኩሱና ጉዝጓዙ ውኃ ረጨት ተደርጎበት፣ አፍንጫ በነጠላ ተሸፍኖ፣ በአካፋ ተዛቀ። ከታች ያለው ደርቆ እንደ ወለል ስለጠነከረ በዶማ ተነቀለ። ከዚያ መፋቅ፣ በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ። በረኪናው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ኩስ ያለበት ቦታ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ኩሱ ይጨርሰዋል፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝም ለሳንባ አደገኛ ጭስ ያወጣል። በመጨረሻ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ኖራ ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ስንጥቅ ይደፍናል፣ ቤቱንም ያበራል፤ ሲቀቡት ግን ዓይንን መጠበቅ ነው።

ባለሙያዋ ከሁሉ አብልጣ ጊዜ የሰጠችው ለአሮጌዎቹ ቆጦች ነበር። አንዱን አውርዳ ፀሐይ ላይ አጋደመችውና ቢላዋ ስንጥቁ ውስጥ ሰደደች። መጀመሪያ የወጣው ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። ቢላዋውን ገልብጣ በነጭ ወረቀት ላይ ስትጠርገው ቀይ መስመር ተሰመረ። ደም ነው። ቅንቅን የሚባለው ተባይ ቀን እንጨቱ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የተኛችውን ዶሮ ደም ይጠጣል፤ ሲነጋ ይመለሳል። ቀን ዶሮዋን አገላብጦ ያየ ሰው ምንም አያገኝም። ኩምኩማቸው ለገረጣ፣ እንቁላላቸው ላነሰ፣ ማታ ወደ ቤት አልገባም ለሚሉ ዶሮዎች መልሱ ብዙ ጊዜ በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ይህ ተባይ ደም ሳያገኝ ወራት ስለሚቆይ ቤቱ ባዶ መክረሙ ብቻ አያጠፋውም። ሁለቱም ቆጦች ተቃጠሉ። ለእህል ነቀዝ የሚሆነውን መርዝ እንርጭበት የሚል ሐሳብ ከአንድ ጎረቤት ቀርቦ ነበር። ባለሙያዋ አልተቀበለችውም፤ መርዙ ወደ እንቁላሉ ይገባል።

ስንት ዶሮ?

ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መምህርቷ 25 ቄብ አስበው ነበር። የመኖ ነጋዴው ‹‹ይበቃዎታል፤ ዶሮ ስትጠጋጋ ትሞቃለች›› ብሏቸዋል። በዚያው መንገድ ላይ በብረት ኬጅ የሚያረባ አንድ ወጣት ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ምን ያደርጋል ባይ ነው። በኬጅ ቢሆን በዚያችው ቦታ ሦስት እጥፍ ይይዛል፣ እንቁላሉ ተንከባልሎ ይወጣል፣ ኩሱም ከሥር ይወድቃል። ስሌቱ ልክ ነው፤ በእንቁላል ለሚተዳደር ሰው የሚያሳምን ነው። ለጓሮ ግን አልመርጠውም። ዶሮ መሬት ካልጫረች፣ አመድ ላይ ካልተንከባለለች፣ ሌሊት ቆጥ ላይ ካልወጣች ከተፈጥሮዋ የቀረላት መጣል ብቻ ነው። ጥቂት ዶሮ ለሚይዝ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ነስቶ የሚያተርፈው ትርፍ አይታየኝም።

የወለሉ ስፋት ሦስት ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ስድስት ዶሮ ይኖራል፤ መመገቢያውና መጠጫው ሲገቡበት ደግሞ ቦታው ያንሳል። ባለሙያዋ 12 ላይ ቆረጠች። መምህርቷ ዝም አሉ፤ ‹‹እሺ ልጄ፣ 12 ይሁን›› ያሉት ቆይተው ነው። ያንን ዝምታቸውን እረዳለሁ። ጡረታቸው የማይሸፍነውን ከእንቁላል ሊያገኙ አስበው ነበር። በማግሥቱ አናፂው ከአጥሩ ሥር ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቦታ በሽቦ ከልሎ ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበት ደጅ ሲሠራላቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

የውስጡ ሥራ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ቆጡ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ ባሕር ዛፍ ነው። ለአንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ታስቦ ሁለት ቆጥ ተሠራ፤ ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እንደ ድሮው አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ላዩን ፍለጋ ይጋደላሉ፣ የላይኛዋም የታችኛዋ ላይ ትኮሳለች። ከግድግዳው ጋርም በሚስማር አልተመቱም፤ ለጽዳት እንዲወጡ ማስቀመጫ ብቻ ተሠራላቸው። ለመጣያ ሦስት ሣጥኖች ከአሮጌ ቺፑድ ተቆረጡ፤ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከቆጡ ዝቅ ብለው፣ ጨለም ባለው ጥግ። ሣጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዋ እዚያ ትተኛለች፣ እንቁላሉም በኩስ ይለወሳል። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ደረቅ ሰጋቱራ ከጤፍ ጭድ ጋር ተነሰነሰ። ጉዝጓዙ ከረጠበ ኮክሲዲያ የሚባለው ተውሳክ የሚያመጣው የአንጀት በሽታ ይበረታል፤ ከደረቀ ግን የተውሳኩ እንቁላል አይበስልም፣ በሽታውም ይደክማል።

ስለ መብራት መምህርቷ ጠየቁ። እንቁላል ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። አንድ ትንሽ አምፖል ይበቃል። የሚበራው ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ በርቶ ድንገት ከጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ።

ከፋሲካ እስከ ሰኔ

ይህ ሁሉ በዚህ ወቅት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የጓሮ ዶሮ ቤት በዓመት ውስጥ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖር ከፋሲካ በኋላ ነው። ጭቃውም ኖራውም የሚደርቅበት ፀሐይ አለ፤ ክረምቱ ገና ነው። ቤቱ ከታጠበና ከተቀባ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ባዶውን መክረም አለበት። ሰው የሚቸኩለው በዚህ ላይ ነው፤ ቄቡ ገበያ ላይ ሲረክስ ያይና ኖራው ሳይደርቅ ያስገባል።

የሚያስፈራው ፈንግል ነው። የያዘው ዶሮ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ክንፉ ይወድቃል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰፈሩን ያዳርሳል። ገበሬዎች ከዝናቡ መግቢያ ጋር ያያይዙታል፤ ባለሙያዎች ደግሞ በዓል ሲቃረብ በየገበያው ለሚዟዟረው ዶሮ ትኩረት ይሰጣሉ። ስለዚህ ለበዓል የተገዛ አውራ ዶሮ፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደታደሰው ቤት አይገባም። ማድ ቤት ወይም በሌላ ጥግ በቅርጫት ሥር ያድራል። እግሯ የተጎዳው ገብስማም ለጊዜው ከአዲሶቹ ጋር አትቀላቀልም፤ ራሷ ሳትታመም በሽታ ይዛ ልትቆይ ትችላለች።

ክትባቱ ሩቅ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱን የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ተቋም እዚያው ቢሾፍቱ ውስጥ ነው ያለው። የ45 ቀን ቄቦች የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ወስደው ነው የሚሸጡት፤ ገዢው የክትባት ወረቀታቸውን መጠየቅ አለበት። የፈንግሉ ክትባት ግን መደገም አለበት። በዓይን አንድ ጠብታ ነው፤ ማንም ተምሮ ሊሰጠው ይችላል። ባለ ጥቂት ዶሮዎችን የሚያስቸግራቸው ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለ12 ዶሮ ብቻ መክፈት ብክነት ስለሚመስል ብዙ ቤት ሳያስከትብ ይቀራል፤ ከዚያ አንዱ ጓሮ ለሌላው ጓሮ በሽታ ይሆናል።

ባለሙያዋ ይህን ስታስረዳ መምህርቷ ወዲያው ስም መቁጠር ጀመሩ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ስምንት ዶሮ አላቸው፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችው እናት አሥራ አምስት ያህል፤ ኬጅ ያለው ወጣት ደግሞ ብቻውን ብልቃጡን ሊጨርስ ይችላል። ቄቦቹ ገብተው ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ባለው ቅዳሜ ማለዳ፣ በአንድ ብልቃጥ ሁሉም እንዲያስከትቡ ቀን ተቆርጧል። ወጣቱ ክትባቱን በበረዶ አምጥቶ ሊያስቀምጥ ተስማምቷል። መምህርቷ በየቤቱ እየዞሩ የዶሮውን ቁጥር በደብተራቸው እየመዘገቡ ናቸው።